የበላነው ፋኖስ

መጀመሪያ የያዘኝ ሽታው ነው። ባለፈው ሳምንት እዚህ ጄኔቫ፣ ካሩዥ ገበያ ላይ አንዲት አትክልት ሻጭ፣ አንገቱ ሐምራዊ ሆዱ ነጭ የሆነ ድቡልቡል ሥር ለሁለት ሰንጥቃ ለደንበኛዋ ታሳያለች። ጎመን ጎመን የሚል፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ፣ እርጥብ አፈር የተቀላቀለበት ሽታ። ጄኔቫ ውስጥ ይህ ሥር ከሾርባ ሌላ ሥራ የለውም። እኔ ግን ያደግሁት ዙሪክ ነው። እዚያ ሬበ ይሉታል፤ በኅዳር መባቻ ልጆች ሆዱን ፍቀው፣ ሻማ ከትተው፣ ፋኖስ ያደርጉትና በሰልፍ ሰፈሩን ይዞሩበታል። ሴትዮዋ ስንት ልስጥሽ ስትለኝ አንድ፣ ትልቁን አልኳት።

የኛ ሰፈር ዜባህ ከዙሪክ ዳር፣ ትራሙ ዞሮ የሚመለስበት ነው። ሽማግሌዎቹ ድሮ ራሱን የቻለ መንደር ነበር፣ ከተማው ዋጠው ይላሉ። አውሮፕላኖች ወደ ክሎተን አየር ማረፊያ ሲወርዱ ጣሪያችንን ሊነኩ ምንም አይቀራቸውም ነበር፤ አንዱ ባለፈ ቁጥር መምህራችን ንግግሯን ታቆምና ድምፁ ሲርቅ ካቆመችበት ትቀጥላለች። የሕንጻችን ግማሹ ሰው የሚያድረው በዚያው አየር ማረፊያ ሥራ ነበር፦ ሻንጣ የሚጭን፣ ምግብ የሚያሽግ፣ እንደ እናቴ የአውሮፕላን ወንበር የሚጠርግ። በክፍላችን አሥራ ዘጠኝ ነበርን። አያቶቻቸው እዚያው የተወለዱ ሦስት ልጆች ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቻችን ከፖርቱጋል፣ ከኮሶቮ፣ ከስሪላንካ፣ ከቱርክ፣ ከየትም የመጣን። ጀርመንኛውን በአብዛኛው የተማርነው እርስ በርስ ስንሰዳደብ ነው። ዛሬ ራሴ አስተማሪ ሆኜ ብዙ ያማሩ ትምህርት ቤቶች አይቻለሁ፤ እንደዚያኛው የምኮራበት ግን የለኝም።

አባቴ አዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት አስተማሪ ነበር። ይህን እናቴ ደጋግማ ትነግረኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አላመንኳትም። እኔ የማውቀው አባት የአውሮፕላን ምግብ ማዘጋጃ ውስጥ ሰሃን የሚያጥብ፣ ጣቶቹ ሙቅ ውሃ ያጨማደዳቸው፣ ጀርመንኛው ከአውቶቡስና ከአለቃው ትእዛዝ የማያልፍ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ያደርሰኛል፤ ግን ከመንገዱ ወዲህ ማዶ ይቆምና እኔ አጥሩን ስገባ ይመለሳል። ለወላጆች ስብሰባ የምትሄደው እናቴ ናት። አንድ ቀን ለምን አትሄድም ስትለው ሰምቻለሁ።

«በገዛ ሙያዬ በር ላይ ዲዳ ሆኜ አልቆምም» አላት።

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ማክሰኞ መምህራችን ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ሬበ ከደብዳቤ ጋር በከረጢት አድርጋ ሰጠችን። እኔ ከረጢቱን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጣልኩና ልጫወት ወጣሁ። በማግስቱ ረቡዕ ነበር፣ ጾም። ከውጭ ስገባ ቤቱ አልጫ አልጫ ይሸታል። እናቴ ሬበውን ከድንችና ከካሮት ጋር ከትፋ ሠርታዋለች፤ ያውም እየመረቀች። ለልጅ የጾም አትክልት የሚያድል ትምህርት ቤት የት ይገኛል፣ ዕድሜ ይስጣቸው ትላለች። እኔ ድስቱን አይቼ ማልቀስ ጀመርኩ። እያለቀስኩም በላሁ፤ ምክንያቱም ይጣፍጥ ነበር።

አባቴ ደብዳቤውን ከከረጢቱ ሥር አወጣው። መዝገበ ቃላቱን ይዞ ብዙ ቆየበት። ሐሙስ ከቀትር በኋላ አንድ ወላጅ ቢላዋና ማንኪያ ይዞ ይምጣ፣ ከልጁ ጋር ክፍል ውስጥ ይቅረጽ፣ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሰልፉ ይወጣል ይላል። እናቴ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሥራ ናት። ከአባቴ ሌላ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ወላጅ ያልመጣለት ልጅ ምን እንደሚሆን ደብዳቤው አይናገርም፤ እኔ ግን ሁሉም ብርሃን ይዞ ሲያልፍ ባዶ እጄን ዳር ስቆም ታየኝ። አባቴ ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ የክፍሉ በር ተከፈተ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሷል። ቢላዋውን በጋዜጣ ጠቅልሎታል፤ የማንኪያው እጀታ ከደረት ኪሱ ብቅ ብሏል። ከእኛ በላይ ፎቅ የሚኖረው ልጅ፣ ሰበብ የማያጣ ቀልደኛ፣ ጉዳዩን ጠዋት አውጣጥቶኝ ስለነበር ጮክ ብሎ ለክፍሉ አወጀ፦ እነዚህ ፋኖሳቸውን በልተውታል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴ ገብቶታል። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና፣ በዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛው፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠ፣

«አዎ፣ በልተነዋል። ጥሩ ነበር» አለ።

እንደገና ተሳቀ፤ ይህኛው ሳቅ ግን ከእኛ ጋር ነበር። መምህሯም እየሳቀች ሬበዎቹ ከመጡበት ሳጥን ሥር የቀረውን የመጨረሻውን ሬበ አምጥታ ሰጠችን። ማንም ያልመረጠው፣ ትልቅ፣ ጎባጣ፣ ወደ አንገቱ የተሰነጠቀ ነው።

አባቴ የልጆች ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠና ሆዱን መፋቅ ጀመረ። ሌሎቹ ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ኮከብ ይቀርጻሉ። እሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ያቺ ልጅ ማን ትባላለች፣ ያስ ከአጠገቧ ያለው አለኝ። እንደ አቀማመጣቸው ነገርኩት። በቢላዋው ጫፍ ሐምራዊውን ልጣጭ ብቻ እየገፈፈ፣ የያንዳንዳቸውን ስም መነሻ በፊደላችን መስመር በመስመር አስቀመጠ። አሥራ ስምንቱን ሲጨርስ የቀረው ስንጥቁ አጠገብ ያለች ጠባብ ቦታ ናት፤ የእኔን እዚያ አስገባት። መጀመሪያ አጠገቤ የምትቀመጠው የስሪላንካ ልጅ መጥታ አየች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። መጨረሻ ላይ ያ የላይ ፎቁ ልጅ አንገቱን ሰገግ አድርጎ የኔስ የቱ ነው አለ። አባቴ አሳየው። ልጁ በጣቱ ተከትሎ ሄደበት፤ ቀጥሎ ሙሉ ስሜን ጻፍልኝ አለው።

መምህሯ ይሄን ሁሉ ታይ ነበር። ጠመኔ አቀበለችው።

አባቴ ጠመኔውን ተቀብሎ ወደ ሰሌዳው ሄደ። ከዚያ አስተማሪ ብቻ የሚያውቃትን ነገር አደረገ፤ ሲጽፍ እንዳይጮህ ለሁለት ሰበረው። ተማሪው ሰሌዳውን እንዲያይ ጎኑን ሰጥቶ ቆመና ስማችንን ከላይ ወደ ታች ጻፈ። ጽሕፈቱ የማተሚያ ቤት ይመስል ነበር። እያንዳንዱን ስም ይጠራል፣ ክፍሉ ይደግማል፣ ልጆቹ እየወጡ ከሥሩ ይገለብጣሉ። የላይ ፎቁ ልጅ ሲጣደፍ አባቴ ክንዱን ያዝ አደረገና በአማርኛ፣

«ተው፣ እጅህን አታጣድፈው» አለው። ልጁ አማርኛ የት ያውቃል፤ ግን ታዘዘ።

አባቴ አስተማሪ ነበር። እናቴ እንዳልዋሸችኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

አሥር ሰዓት ሲሆን ወደ ግድግዳው ሰዓት ቀና አለ። አሥራ አንድ ላይ ክሎተን ሥራ ይገባል። የኮቱ እጅጌ በጠመኔ ነጭ ሆኗል፤ አላራገፈውም። ሲበራ በደንብ አይተሽ ትነግሪኛለሽ ብሎኝ ሄደ።

ማታ የመንገዱን መብራት አጠፉልን። ቀዝቃዛ አየር፣ በየሰገነቱ የቆሙ ሰዎች፣ የሻማው ነበልባል የሬበውን ክዳን ሲለበልበው የሚወጣው ጣፋጭ የአረረ ሽታ። ልጆቹ የራሳቸውን ፊደል ፍለጋ እየተጋፉ እኔን ይከቡኛል። የላይ ፎቁ ልጅ ነፋስ እንዳይገባው በመዳፉ እየከለለልኝ እስከ መጨረሻው አብሮኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዲፕሎማ ተቀብያለሁ፣ ሹመትም አግኝቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን አንገቴን ቀና አድርጌ የሄድኩበትን ቀን አላስታውስም።

ጠዋት አባቴ «በራ?» አለኝ። በራ አልኩት። እሑድ ዕረፍቱ ነበርና ላበራለት አስቤ ነበር፤ እስከዚያ ግን ሬበው ተጨማዶ ሻግቶ እናቴ ጣለችው። በቀጠሉት ዓመታት ከመንገዱ ማዶ መቆም ቀረ፤ አጥሩን አልፎ ይገባል፣ በየኅዳሩም ይመጣል፣ ስማችንን ይቀርጻል። ምሽቱ ግን ሁልጊዜ የክሎተን ነበር። ሲበራ አንድም ቀን አላየውም።

ከካሩዥ የገዛሁትን ሬበ ይዤ ቅዳሜ በባቡር ዙሪክ ሄድኩ። አባቴ ጡረታ ወጥቶ እዚያው ዜባህ፣ እዚያው ቤት ነው። ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ። እናቴ ሬበውን ስታይ ድስት ልጣድ እንዴ ብላ ሳቀች። በድሮው ቢላዋ፣ እንደ ድሮው አቀማመጣችን፣ አሥራ ዘጠኙንም ቀረጽኩ። መጋረጃውን ዘግቼ ሻማውን ለኮስኩና በሁለት እጁ አስያዝኩት። ክዳኑ ማረር ሲጀምር አፍንጫው ተንቀሳቀሰ።

«በርቷል?»

«በርቷል፣ አባዬ።»

በአውራ ጣቱ ልጣጩን እየዳሰሰ ዞረ። ፊደል በነካ ቁጥር አንድ ስም ይጠራል፤ የስሪላንካዋን፣ የፖርቱጋሉን፣ የላይ ፎቁን። አንዱም አልጠፋውም። መሐል ላይ አንዷ ጠማማ ፊደል ዘንድ ቆመና ይቺን የጻፈ እጁን አጣድፏል አለ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታየዋለች።

የመጨረሻዋ ጋ ደረሰ። ስሜን ከነአባት ስሜ፣ ከተማሪዎች መዝገብ ላይ እንደሚያነብ ሰው ጠራውና መልስ ጠበቀ።

«አቤት» አልኩ።