የአጎቴ ግራ እጅ

አጎቴ ቶርኖ ላይ ብረት ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው። ማሽኑ ቀኝ እጁን ከአንጓው የቆረጠበት ዕለት ሆስፒታል ሄደን እኛ ስናለቅስ፣ እሱ «ማሽኑን ማን አጠፋው? እንዲሁ ሲዞር እንዳይውል» እያለ ይጨነቅ ነበር።

ቁስሉ ሲሽር የፋብሪካው ኃላፊ አስጠርቶ በር ላይ ወንበር እንደተዘጋጀለት ነገረው። የሚገባ የሚወጣውን ሰው እያየ ጡረታውን ይጠብቅ ተባለ።

«እጄን በላው እንጂ ጭንቅላቴን አልበላውም» አለና ወጣ።

ሚስቱ ራሷን ያዘች። «ታዲያ ምን ልትሠራ ነው?»

«የኮምፒውተር ጥገና እማራለሁ።»

«በየትኛው እጅህ?»

«በቀረኝ!»

የማሠልጠኛው አስተማሪ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ወጣት ናት። ባዶውን እጅጌ አየችና በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ኪቦርድ እኮ በሁለት እጅ ነው» አለችው።

«ኮምፒውተሩ በየትኛው ጣት እንደነካሁት ያውቃል?»

ትንሽ አሰበችና ሳቀች። «አያውቅም። ፊደል ሲነኩ ለእሱ የሚደርሰው ቁጥር ነው። ቁጥሩም ዜሮና አንድ ብቻ፤ መብራት አለ፣ መብራት የለም እንደማለት።»

«እሱ ካልጠየቀኝ አንቺም አትጠይቂኝ» አለና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

አስተማሪዋ የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍታ ለተማሪዎቹ አሳየቻቸው። ፕሮሰሰሩ የታዘዘውን በየተራ ይፈጽማል፤ ራሙ የተጀመረውን ሥራ ለጊዜው ይይዛል፤ ሃርድ ዲስኩ ደግሞ ጎተራው ነው፣ የተሰጠውን መብራት ቢጠፋም ያቆያል። «ብልህ ነው ይባላል እንጂ ካላዘዙት ንቅንቅ አይልም» ስትል አጎቴ ደስ አለው። ዕድሜ ልኩን ማሽን ሲያዝ ኖሮ ይሄኛውን ምን ብሎ ይፍራው?

ጽሕፈቱ ግን አሳሩን አበላው። ሁለት ቁልፍ ባንዴ ለመጫን ጣቶቹን እስኪያመው ይወጥራል። አንድ ቀን እንደምንም ገጹን ሊጨርስ ሲል መብራት ድርግም አለ። ክፍሉ በጩኸት ተሞላ፤ ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ ራም ላይ ነበርና ከመብራቱ ጋር ሄደ።

«አይበሳጩም እንዴ ጋሼ?» አለችው አስተማሪዋ።

«የረሳው እሱ ነው፤ እኔ አልረሳሁም።» መብራቱ ሲመጣ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረ፤ በየመስመሩም ሴቭ እያደረገ።

ለፈተናው የተፈታታ ኮምፒውተር ሰጡት፤ ገጣጥሞ እንዲያስነሳው። ቦርዱን በክርኑ ተጭኖ፣ ብሎኑን በከንፈሩ ይዞ ገጠመ። ሲያበራው ስክሪኑ ጨለማ፤ ከውስጥ ጢጥ ጢጥ ብቻ። ፈታኙ አንጀቱ አልቻለም።

«ይበቃል ጋሼ። ለጥረትዎ ነጥብ እሰጥዎታለሁ።»

«ለምጽዋት አልመጣሁም!»

እንዲህ ጢጥ የሚለው ራሙ በደንብ ካልገባ ነው ብሎ ገመዱን ነቀለና ራሙን ፈተሸ። ባንድ እጅ ሲገፋው አንዱ ጫፍ ገብቶ ሌላው ቀርቷል። አንዱን በአውራ ጣቱ፣ ሌላውን በቆራጣው ክንዱ እኩል ተጭኖ ቀጭ አደረገው። መልሶ ሲያበራው ስክሪኑ ቦግ አለ።

«አሁን የሚገባኝን ስጠኝ» አለው ፈታኙን።

አለፈ። በጽሕፈት ፍጥነት ግን ከክፍሉ መጨረሻ ወጥቷል፤ እሱንም ራሱ ነው ለሁሉም የሚያወራው።

ዛሬ አብሮት ከተማረ ሰው ጋር በጠባብ ሱቅ ይሠራል። የላፕቶፕ ጥቃቅን ብሎኖች ደሙን ያፈሉታል፤ ከሱቁ የሚሰማው ስድብ ሁሉ ለእነሱ ነው። ባለፈው እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ ደንበኛ ኮምፒውተሩን ሊያስቀምጥ ሲል የአጎቴን ክንድ አየና መልሶ አቀፈው።

«ሌላ ሰው የለም?»

«አለ፤ ምሳ ሄዷል። መጠበቅ ከፈለግህ ወንበሩ ያውልህ። ካልሆነ ወዲህ በለው።»

ሰውየው በሩንም ወንበሩንም አየ። ኋላ «እየጠፋ አስቸገረኝ» ብሎ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አጎቴ ክዳኑን ከፍቶ አቧራውን እፍ አለና፣ «ሲጠፋ ባንዴ ነው ወይስ እየተንገዳገደ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ።