የዋንዛው ከብቶች

አባባ ዱባለን የማውቃቸው በአጥር ነው። እሳቸው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፣ በመካከላችን የዛገ ቆርቆሮ። ሶዶ ውስጥ ጎረቤት ማለት ሳሉን ከሌላ ሰው ሳል የምትለየው፣ ምሳው ምን እንደሆነ ሳይነግርህ የምታውቀው ሰው ነው። የእሳቸው ሳል ጠዋት ጠዋት ከጭጋጉ ጋር ይመጣ ነበር። ጭጋጉ ከዳሞታ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍነው ቤቱም ዛፉም ይጠፋና ሳሉ ብቻ ይቀራል።

በጉልበታቸው ጊዜ የበዴሳ ከብት ነጋዴ ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ህብረት ሶዶ አምጥታ ከባሏና ከልጆቿ ጋር አኖረቻቸው። ህብረት ደግ ናት፣ ለአባቷ ምንም አላጎደለችባቸውም። ግን ከከተማ ግቢ ውስጥ በረት ከየት ይመጣል? የነበረው አንድ አሮጌ ዋንዛ ነው፤ ግንዱን የዛፍ ሽበት ያለበሰው፣ ወደ ቤቱ ጣሪያ ያጋደለ። አባባ ዱባለ ከሥሩ ቁርበታቸውን አንጥፈው ቀኑን ሙሉ እንቅልፍም ያልሆነ፣ ንቃትም ያልሆነ ነገር ውስጥ ይቀመጣሉ።

እኔ የማርያምወርቅ እባላለሁ። አያቴ ከሸዋ በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ አሁን በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ወላይትኛ እሰማለሁ፤ ልናገር ስል ግን ገበያው ሁሉ ይስቅብኛል። አባባ ዱባለ ደግሞ በአማርኛቸው እንድስቅ ፈቅደውልኛል። እኔን አንዳንዴ "አንተ" ይሉኛል፣ ህብረትን "እሱ" ይሏታል፣ ስሜን አሳጥረው "ወርቄ" ይሉኛል። እኔም ደስ ይለኛል።

አንድ ጠዋት በአጥሩ ላይ ጮኹ፤ "ወርቄ! ና ቶሎ! ከብት መጣ!"

በሬ ግቢ ጥሶ የገባ መስሎኝ ጫማዬን እንኳ ሳላስተካክል ሮጥኩ። በሬ የለም። አባባ ዱባለ አፍንጫቸውን ከዋንዛው ግንድ ላይ ሊያስነኩ ደርሰዋል። እኔም ተጠጋሁ። ቅርፊቱ ላይ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ፣ ግራጫ ሆነው ጎናቸው ላይ ቢጫ መስመር ያላቸው ፍጥረቶች ተሰብስበው ቆመዋል፤ ጎን ለጎን፣ ጭንቅላታቸውን ወደ አንድ ወገን አድርገው ሽበቱን ይግጣሉ። አባባ ዱባለ እፍ ሲሉባቸው በያቅጣጫው ተበተኑ። ትንሽ ቆየንና አንድ በአንድ ተመልሰው ገጠሙ።

"አየህ?" አሉኝ፤ "ዝንብ ቢሆን በዚያው ይሄድ ነበር። ከብት ነው የሚመለስ።"

እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። በክረምት ቤተ መጻሕፍታችን እርጥበት ሲገባው ከአሮጌ መጻሕፍት ጀርባ የሚወጡ ነጫጭ ደቃቅ ነገሮች አሉ፤ ፊታቸው የእነዚህን ይመስላል። "አባባ፣ ይሄ እኮ ቅማል ነው" አልኳቸው።

"የእኔን ከብት ቅማል አልክ?" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ወዲያ ስንት ቀን አኮረፉኝ። በአጥሩ በኩል ሳል ብቻ ሆነ።

ኩርፊያቸው ሲብስብኝ ኮሌጁ ውስጥ ስለ ነፍሳት የሚያስተምረውን ይልቃልን ጠየቅኩት። "ስማቸው ሲተረጎም የቅርፊት ቅማል ነው፣ ግን ሰው አይነኩም፣ ዛፉንም አይጎዱም" አለኝ። ሻጋታና ሽበት ነው የሚበሉት። ዓይነታቸው በዓለም ላይ በሺህ ይቆጠራል፤ የእኛን አካባቢ ደግሞ ገና ማንም በቅጡ አላጠናውም። የመጻሕፍቱ ነጫጭ ደቃቆች የአጎት ልጆቻቸው ናቸው። ውሃ ወንዝ ወርደው አይጠጡም፤ እርጥበቱን ከአየሩ ላይ ይስባሉ። ይቺን የመጨረሻዋን ይዤ ሄድኩና በአጥሩ ላይ "አባባ፣ ከብቶችዎ ጭጋግ ነው የሚጠጡት" አልኩ። ሳሉ ቆመ። ከዚያ "ግባ" አሉኝ።

የእሁድ ከሰዓታችን እንዲህ ተጀመረ። ለደቃቅ ጽሑፍ የምጠቀምበትን ማጉያ መነጽር ይዤ እሄዳለሁ፣ አባባ ዱባለ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ግቢ ለግቢ ከብት ፍለጋ እንዞራለን። ከእንሰቱ ላይ ተንጠልጥሎ የደረቀውን ኮባ ስንገልጠው ገረጣ ያሉ፣ ብቻቸውን የሚሮጡ ሌሎች አገኘን። በድንጋይ ካቡ ሥር ክንፍ የሌላቸው ጥቋቁሮች አሉ። ጣሪያው ሥር በቀረ የእርግብ ጎጆ ውስጥ እንደ አቧራ የደቀቁ አሉ። ከቅጠል ሥር ቀጭን ድር ዘርግተው ከድሩ በታች የሚኖሩም አሉ፤ እነዚህን አባባ "ቤት ያላቸው" አሏቸው። የካቡን የቆላ ከብት፣ የዋንዛውን የደጋ ከብት ብለው ለዩዋቸው። የዶሮና የሰው ቅማልም በሩቁ ዘመድ እንደሆነ ስነግራቸው ብዙ አሰቡና "በእኔም ዘመድ ውስጥ እንዲህ ያለ አለ" አሉኝ። እየሳቅን ዋልን።

ለዓይናቸው ዱቦ ሆስፒታል ይዣቸው የሄድኩ ቀን እንኳ ተራ ስንጠብቅ ግቢው ውስጥ ያለ ዛፍ ሥር ወስደው አስመረመሩኝ። ሐኪሟ የዓይን ሞራ ነው፣ ቶሎ ይውጣ አለች። እሳቸው ክረምቱ ይለፍ አሉ። ክረምት ላይ ከብት ትቶ የሚተኛ ሰው የለም ብለው ተከራከሩኝ፤ እኔም አቃተኝ።

በዚያ መንገድ ላይ፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ ቆላዋ ዲምቱ ነገሩኝ። ወላይታ ውስጥ ከብት ያለው ሰው ሁሉንም በአንድ በረት አያኖርም። ላሙን ለወዳጁ ይሰጣል፤ ወዳጁ ይጠብቃል፣ ወተቱንና እበቱን ይጠቀማል፣ ስትወልድ በስምምነታቸው ይካፈላሉ። ሀራ ይሉታል። ላሟ ከሞተች ጠባቂው ቆዳዋን ይዞ ለባለቤቷ ያቀርባል፤ ሸጦ ወይም አርዶ እንዳልካደ ቆዳው ይመሰክርለታል። አባባ ዱባለ ከብቶቻቸውን ዲምቱ ላለ ወዳጃቸው ሰጥተው ነበር። ቆላው ላይ ገንዲ የሚሉት የከብት በሽታ ገባ። ወዳጃቸው ቆዳ በአህያ ጭኖ መጣ፤ ሄደ፤ ደግሞ ጭኖ መጣ። በመጨረሻ ያመጣው የቦራን ቆዳ ነው፤ ቦራ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ስሟን ሲጠሯት የምትመጣ ላም ነበረች። የሌሎቹን ቆዳ ሁሉ ለሰው ሰጡ። የቦራን አስቀሩ። ከዋንዛው ሥር አንጥፈው የሚቀመጡበት ቁርበት እሱ ነው።

ነሐሴ ላይ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጣና የዋንዛው ቅርንጫፍ ልጆቹ በሚተኙበት ክፍል ጣሪያ ላይ ወደቀ። ልጆቹ ማድ ቤት እሳት ሲሞቁ ነበር፣ ማንም አልተነካም። ህብረት ግን ዛፉ ይቆረጥ አለች። እኔም እናት ብሆን ይህንኑ እል ነበር። በነጋታው አባባ ዱባለ ወደ አጥሩ መጡና ቆርቆሮውን በጣታቸው መቱት።

"ወርቄ፣ ሀራ ትገባለህ?"

መጀመሪያ አልገባኝም። በእጃቸው ሰፌድ ይዘዋል፤ በሰፌዱ ላይ ከዋንዛው የተላጠ ቅርፊት አለ፣ በቅርፊቱ ላይ መንጋው ተሰብስቧል። ሲገባኝ ሰፌዱን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። "እገባለሁ አባባ" አልኩ።

ቅርፊቱን ጓሮዬ ካለው አሮጌ አቮካዶ ግንድ ላይ በገመድ አሰርነው። አባባ ውል አስገቡኝ፤ ግንዱን በውሃ አላጥበውም፣ መድኃኒት አልረጭም፣ ኖራም አልቀባም። ኖራው ነው የከበደኝ። እኔ ለመስቀል አጥሬንና የዛፎቼን ግንድ ኖራ ካልቀባሁ በዓሉ የመጣ አይመስለኝም። በዚያ ዓመት የሰፈሩ ግንድ ሁሉ ነጭ ሲለብስ የእኔ አቮካዶ ሽበቱን ይዞ ቆመ። እንግዶቼ "ምነው፣ ዘንድሮ ኖራው ጠፋ?" እያሉ ቀለዱብኝ። ከብት አለብኝ አልኳቸው። አበደች ብለው ይሆናል፣ ይበሉ።

በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ ሪፖርት አቀርባለሁ። ከአሮጌው ቅርፊት ወደ አቮካዶው ተሻገሩ። አደሩ። ጋጡ። ዋንዛው ተቆርጦ አባባ ዱባለ አሁን ከጉቶው አጠገብ ነው የሚቀመጡት፤ የዓይናቸው ሞራ በርትቶ ከብቶቹን ማየት ትተዋል። እኔ ስናገር ግን ፊታቸው ያያል። ይሄ መንጋ ቢጠፋ ይሄ ሰው ምን ይቀረዋል እያልኩ እፈራ ጀመር። ፍርሃቴ ሥራ ቦታ ድረስ ይከተለኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ ፀሐይ በወጣበት ጠዋት፣ ግንዱ ላይ መንጋው የለም። በቦታቸው ላይ ነጫጭ ገለባ የመሰሉ ቆዳዎች ተጣብቀዋል። እግር አለ፣ ጭንቅላት አለ፣ ውስጡ ባዶ። ግንዱን ዞርኩት፣ ከላይ እስከ ታች በጣቴ ተከተልኩ። አንድም የሚንቀሳቀስ የለም። እዚያው ጓሮዬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለነፍሳት አለቅሳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

መደበቅ እችል ነበር። እሳቸው አያዩ፣ ማን ይነግራቸዋል? "አሉ፣ ይግጣሉ" ብል በሰላም ይኖሩ ነበር። ግን ሀራ የገባሁ ሰው ነኝ። ቆዳዎቹን በጥንቃቄ በወረቀት ላይ አራግፌ፣ አጥፌ ይዤ፣ በአጥር ሳይሆን በበር ዞሬ ገባሁ።

"አባባ" አልኩ፤ "ቆዳ ይዤ መጣሁ።"

እጃቸው ከተቀመጡበት ቁርበት ጠርዝ ላይ ነበር፣ ጠበቅ አደረጉት። ህብረት ልብስ ከምታሰጣበት ዞር ብላ አየችን፤ ምን እንደሆነ ገባት መሰለኝ፣ ልብሱን እንደያዘች ቆመች።

ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ። አንድ ቆዳ አስቀመጥኩላቸው። ክብደት ስለሌለው ማስቀመጤን እንኳ አላወቁም።

"የት ነው የተቀደደ?" አሉኝ።

"ምኑ?"

"ቆዳው። ሰው ሲገፍ በሆድ ነው የሚቀደው። ጅብም በሆድ ነው የሚጀምረው። እየው። ሆዱ ነው፣ ጀርባው ነው?"

መነጽሬን አወጣሁ። "ጀርባው ነው" አልኩ፤ "ከአንገቱ ጀምሮ፣ ቀጥ ብሎ።"

"ሆዱስ?"

"ደህና ነው።"

"ሁሉም እንዲህ ነው?"

አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም ጀርባው ላይ ተከፍቷል፣ አንዱም ሆዱ አልተነካም።

አባባ ዱባለ ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም፤ ሳላቸውም አልመጣም። "አልሞተም" አሉ፤ "ራሱ ነው የወጣ። ልብሱን ጥሎ ሄደ። ሂድ ፈልግ ወርቄ፣ ከብት ነው፣ ሩቅ አይሄድም።"

ሮጬ ተመለስኩ። ቀና ብዬ የአቮካዶውን ቅጠል ገለበጥኩ። እዚያ ነበሩ፤ አድገው፣ እንደ ቤት ክዳን የታጠፈ ብርሃን የሚያሳልፍ ክንፍ አውጥተው። ከአንዱ ቅጠል ሥር በስስ ድር የተሸፈነ እንቁላል አየሁ። ከዚያው ሆኜ በአጥሩ ላይ ጮኽኩ፤ "አሉ አባባ! ክንፍ አውጥተዋል! ወልደዋል!"

"ግማሹ ያንተ ነው!" የሚል ድምፅ መጣ።

ደስታዬን ላካፍላቸው እንደገና ዞሬ ስገባ ከተቀመጡበት ተነስተው፣ ተንበርክከው አገኘኋቸው። የቦራን ቁርበት ጠጉሩን ወደ ላይ አዙረው አንጥፈውታል። አውራ ጣታቸውን ከአንገቷ ላይ አድርገው በጀርባዋ መካከል ቀስ እያሉ ወደ ጭራዋ ይወርዳሉ። ይቆማሉ፣ ይዳብሳሉ፣ ደግሞ ይወርዳሉ። ህብረት አጠገባቸው ቁጭ ብላ ትከሻቸውን ይዛለች።

"ምን ጠፋብዎት አባባ?" አልኳቸው።

"ምንም" አሉኝ። ጣታቸው አልቆመም። "ያን ጊዜ ቆዳዋን ሲያመጡልኝ፣ ጀርባዋን አላየሁም ነበር።"