ሳይደርስ የተጻፈ ሰዓት

በረዳትነት ሥራ የጀመርሁት አሜሪካ፣ ሮቢንስዴል በምትባል ከተማ ባለ አንድ ግሩፕ ሆም ነው፤ አራት አቅመ ደካሞች የሚኖሩበት ተራ መኖሪያ ቤት። ኃላፊዋ ነርስ ሊንዳ በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ተቀብላ ሦስት ነገር አሳየችኝ፦ የጓንት ሣጥኑን፣ ሰው ከአልጋ የምናነሣበትን ቀበቶና ክሊፕቦርድ ላይ የተሰካውን ቅጽ። "ያልተጻፈ ነገር አልተሠራም ማለት ነው" አለችኝ። የተጻፈ ሁሉስ ተሠርቷል ማለት ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም።

እዚህ ላይ ሰዓት የምጠራው በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። አገር ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ የሰው ገላ ግን አጥቤ አላውቅም። ሰው ከእጄ ይወድቃል ብዬ እፈራ ነበር። ከዚያ ይበልጥ የፈራሁት ወረቀቱን ነው። ጥፋት የተገኘባት ረዳት ስሟ በስቴቱ መንግሥት መዝገብ ይሰፍራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀጥራት የለም።

ሥራውን ያለማመደችኝ ሰናይት ናት። ከኩን ራፒድስ ከተማ ነው የምትመጣው፤ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ራሱን ማዞር የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ይቀየራል፤ አለዚያ ቆዳው ይቆስላል። አንድ ትራስ ከጀርባ፣ አንድ በጉልበቶች መካከል፤ ተረከዝ ከፍራሹ ከፍ ይላል። ከዚያ ቅጹ ላይ ሰዓቱ፣ ጎኑ፣ ሰውዬው እንዴት እንደነበረና ፊርማ ይጻፋል።

"እትዬ አስካለ፣ የጠዋቱን ቅጽ ሁሉንም አሁኑኑ ፊል ያድርጉትና ይገላገሉ" አለችኝ በሁለተኛው ሳምንት።

"ሳልሠራው?"

"ኋላ ይሠሩት የለ! ሰውዬው እንደሆነ ተነሥቶ አይሄድብዎ።"

እኔም ቀድሜ መጻፍ ጀመርሁ።

ሰውዬው የተባሉት ታካሚ አቶ ተንዚን የቲቤት ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው መነኩሴ ነበሩ፤ ሕንድ አገር በሚገኝ ገዳም የቡድሃን ፍልስፍና አስተምረዋል። ሰውነታቸው ቢከዳቸውም አእምሯቸው ስል ነበር። አንድ ጠዋት በስምንት ሰዓት ገልብጫቸው፣ የአሥርና የአሥራ ሁለት ሰዓቱን ጭምር ስሞላ አዩኝ።

"አስካለ፣ አሥር ሰዓት ላይ እንዴት ነበርሁ?"

አፈርሁ። "ደህና ነበሩ" አልኋቸው።

ሳቁ። "ገዳም ስንከራከርበት የኖርነው ነገር ነው። አንዱ ወገን ያለፈውም የሚመጣውም አለ ይላል። ሌላው ወገን ያለችው ይህች ቅጽበት ብቻ ናት፣ እሷም እንደተወለደች ትጠፋለች ይላል። አንቺ ከፊተኞቹ ነሽ።"

"እርስዎስ?"

"እኔ ከኋለኞቹ። ስምንት ሰዓት ላይ የነበረው ተንዚን አሁን የለም።"

"ታዲያ አሥር ሰዓት ላይ የምገለብጠው ማንን ነው?"

"ወራሹን። ስሙንም ሕመሙንም የወረሰውን። ያው ሰው አይደለም፤ ሌላ ሰውም አይደለም። ስለዚህ መጥተሽ እይው።"

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ አልተከራከርሁም። ነገሩ ግን አስፈራኝ። ከዚያ በኋላ በራቸውን ስከፍት፣ ትቼው የሄድሁት ሰው አልጋው ላይ ይኖር ይሆን እያልሁ እጄ እጀታው ላይ ይዘገይ ነበር። ቀድሞ መጻፉን ግን አልተውሁም።

አንድ የበረዶ ቀን ከታካሚዎቹ አንዷ አሮጊት ደጋግሞ አስመለሳቸው። እኔ እሳቸውን ይዣለሁ፤ ሰናይት ሌሎቹን ሁለቱን ይዛለች። አሥር ሰዓት ላይ አቶ ተንዚንን ከበሩ ሆኜ አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ተኝተዋል ብዬ አለፍሁ።

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ስገባ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ቀኝ እጃቸው አይነሣም። ስጠራቸው አዩኝ፤ ቃል ግን አልወጣቸውም። ናይን ዋን ዋን ደወልሁ።

ከአምቡላንሱ የወረደው ባለሙያ ክሊፕቦርዱን አነሣ። "በአሥራ ሁለት ሰዓት ደህና ነበሩ፣ ተነጋግረናል ይላል። ልክ ነው?"

ለምን እንደሚጠይቅ በሥልጠና ተምሬአለሁ። በስትሮክ ጊዜ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። የሚሰጠው በሽተኛው መጨረሻ ደህና ሆኖ ከታየ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው። ጊዜው ካለፈ አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስና ሊገድል ይችላል።

ሰናይት ከኋላዬ በአማርኛ፣ "እትዬ፣ ልክ ነው ይበሉት። የእኔም ወረቀት እንደዚያው ነው። ልጆች አሉኝ" አለች።

"ልክ አይደለም" አልሁ። "መጨረሻ ያነጋገርኋቸው በስምንት ሰዓት ነው። የቀረውን ሳልሠራ ነው የጻፍሁት።"

"ስምንት?"

"ስምንት።"

ጓንቱ ላይ በእስክሪብቶ 8:00 ብሎ ጻፈና ይዘዋቸው ሄዱ።

መድኃኒቱ አልተሰጣቸውም፤ ሰዓቱ አልፏል ተባለ። ስትሮኩ መቼ እንደጀመረ ማንም አያውቅም። አሥር ሰዓት ላይ ገብቼ ብገለብጣቸው ኖሮ በዚያ ሰዓት መጀመር አለመጀመሩ ይታወቅ ነበር።

ሊንዳ በዚያው ቀን ቢሮዋ ጠራችኝ።

"ስንት ጊዜ እንዲህ አድርገሻል?"

"በየቀኑ።"

"ሌሎቹ ሠራተኞችስ?"

"እኔ የራሴን ነው የምናገረው።"

ከሥራ አገደችኝ። የስቴቱን ደብዳቤ ሰባት ሳምንት ጠበቅሁ። የፖስታ መኪናው ደጃፋችን በቆመ ቁጥር ወጥቼ የፖስታ ሣጥኑን እከፍት ነበር። ሲመጣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሆነ፤ ስሜ መዝገቡ ላይ አልሰፈረም። ፕሊማውዝ ከተማ ሌላ ግሩፕ ሆም ተቀጥሬ ጡረታ እስክወጣ አሥራ አራት ዓመት ሠራሁ። ሰናይት ከዚያ ቀን ወዲህ አናግራኝ አታውቅም።

አቶ ተንዚን ተርፈዋል፤ ንግግራቸው ግን አልተመለሰም። ሄጄ ይቅርታ ስጠይቃቸው በግራ እጃቸው እጄን ያዙት። ይቅር ብለውኝ ይሁን፣ ማን መሆኔ ጠፍቷቸው ይሁን አላወቅሁም።

ሥራውን ለምትጀምሩ፦ መጀመሪያ ገብታችሁ እዩ፤ ከዚያ ጻፉ። ያልሠራችሁበትን ሰዓት ባዶ ተዉት። በባዶው ትወቀሱ ይሆናል፤ ሐኪሙን ግን አታሳስቱም።