ቅጠል በጣሹና የእናቱ ቲማቲም

ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል ይባላል። ይህኛው ግን ጡረታ ወጥቶ ሰፈሩን ዕረፍት ነሳው። ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። እንጀራው የሰው ጥፋት ነው፤ ተሳፋሪውን ከእግር እስከ ራሱ እየገላመጠ ሲሄድ ትኬት ያልቆረጠ ካገኘ ፊቱ እንደ ሙሽራ ይበራ ነበር። ሥራው ሲቀር አመሉ አልቀረም። አውቶቡሱን ቢያጣ ወደ ሰው ጓሮ ዞረ።

በሰፈሩ ሁሉም በየጓሮው ቲማቲም፣ ቃሪያና ጎመን ይተክላል። እሱ ታዲያ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እያለ በየግቢው ይገባና የተክል በሽታ ይመረምራል። ገና ከበር ሲደርስ "ይሄን ደግሞ ማን ተከለው?" ይላል። ከዚያ አንድ ቅጠል ይቀነጥሳል፤ በጣቶቹ መሃል ያሸዋል፤ ያሸተዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። ስሙም በዚሁ "ቅጠል በጣሽ" ሆኖ ቀረ። ስድብ ነበር፤ እሱ እንደ ማዕረግ ተቀበለው። ጣቶቹ ራሱ እየጠቀለለ ከሚያጨሰው ትምባሆ ብጫ ሆነዋል፣ ጥፍሩ ሥር ያለው አፈር የስንት ግቢ እንደሆነ አይታወቅም፣ እጁን የሚታጠበውም ምግብ ሲቀርብ ብቻ ነው።

የሚያዘው መድኃኒት ሁለት ነው። ዳቦ ጋጋሪውን "ውሃ አሳንሰህ ነው" አለው፤ ልብስ ሰፊዋን "ውሃ አብዝተሽ ነው" አላት። የሁለቱም በሽታ ግን አንድ ነበር፤ የቲማቲሙ ቅጠል ዥጉርጉር ይሆናል፣ ይጨማደዳል፣ በመጨረሻም እንደ ክር ይቀጥናል። ዳቦ ጋጋሪው ውሃ ቢጨምር ባሰበት፤ ልብስ ሰፊዋ ብትቀንስ ባሰባት። እሱ ምን ቸገረው። "ያልኳችሁን መቼ አደረጋችሁ" ብሎ ወደሚቀጥለው ግቢ ይሄዳል።

የራሱ ጓሮስ? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ለሱ ነው። ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ የታመመው የሱ ቲማቲም ነበር። ጥፋቱን ለዘር ሻጩ፣ ለጎረቤት ዶሮዎች፣ ለፀሐይዋም ሳይቀር አከፋፈለው፤ ለራሱ ምንም አላስቀረም። የመጨረሻዋን ግንድ ደርቃ ሲነቅላት ግን ሆዱ ባባ። እናቱ ከዓመት ዓመት ዘሩን እያደረቀች ያቆየችው ቲማቲም ነበር፤ ቆዳው ስስ፣ ውስጡ ጣፋጭ፣ ገበያ ላይ የማይገኝ። ከሱ ጓሮ ከጠፋ የቀረው ታላቅ እህቱ ግቢ ብቻ ነው።

እህቱ ደግሞ አኩርፋዋለች፤ እውነቷን ነው። እናታቸው በሞተች ሰሞን ግቢዋ ገብቶ "ሥሩ በስብሷል" ብሎ ለምልሞ የቆመ ቲማቲም ነቀለ። ሥሩን አገላብጦ አየ። "ደህና ነው" አለና መልሶ ቀብሮት ሄደ። ተክሉ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ በሯን እንደቆለፈችበት ነው።

አንድ ጠዋት ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ያንን በር አንኳኳ። እህቱ ገርበብ አድርጋ ከፈተችና መግቢያው ላይ ቆመች። ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ ሲያይ የእናቱ ቲማቲም ፍሬውን ተሸክሞ ቆሟል፤ ቅጠሉ ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው። ደስ ሊለው ሲገባ ተናደደ።

"እትዬ፣ ምን እያደረግሽበት ነው?" አላት።

"ውሃ አጠጣዋለሁ።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ አንተን አላስገባም።"

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"ይሄን መንገድ ከላይ እስከ ታች አስበው" አለችው። "መጀመሪያ ያንተ ታመመ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄደህ ቀንበጡን በጥፍርህ ስትቀነጥስላት ዋልክ፤ የሷ ታመመ። የሷን በሽተኛ ቅጠል ስታሽ ቆይተህ በዚያው እጅህ ዳቦ ጋጋሪው ግቢ ገባህ፤ የሱም ታመመ። በሽታው ከገባ ወዲህ ያልረገጥከው ግቢ የኔ ብቻ ነው። በሽታውን በጣትህ እያዞርክ የምታድለው አንተ ነህ፣ ወንድሜ።"

የሚያላክክበት ሰው ፈለገ። ዶሮ እንኳን በአካባቢው አልነበረም። ስንቱን ትኬት ሲጠይቅ የኖረ ሰው እሱም በተራው ተጠየቀ፤ ኪሱ ባዶ ነው። ብጫ ጣቶቹን አያቸው። ልክ እንደሆነች ገባው፤ ያን ያህል እንኳን ሞኝ አልነበረም።

እህቱ ገብታ አንድ የበሰለ ቲማቲም ይዛ ተመለሰች። በቢላዋ ሰነጠቀችው፣ ዘሩን በማንኪያ ጠርጋ ብርጭቆ ውስጥ ከተተችና ሥጋውን ብቻ ሰጠችው። በላ። የእናቱ ቲማቲም ነው፤ ጣዕሙ አልተለወጠም። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ዘሩስ?" አለ።

"መጀመሪያ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ከዚያ ሁለቱም ዘንድ ሄደህ፣ 'ያሳመምኩባችሁ እኔ ነኝ፤ የታመመውን ነቅላችሁ ጣሉ፤ የተረፈውን ሳትታጠቡ አትንኩ' በላቸው። ይሄን ካልካቸው ዘሩ ያንተ ነው። የእናታችን ነው፤ ለብቻዬ ልይዘው አልፈልግም።"

"እነግራቸዋለሁ፣ እትዬ። አሁኑኑ።"

ከልቡ ነበር የተናገረው። ዞር ሲል ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በመንገዱ ስትመጣ አያት። በእጇ የተጨማደደ ቅጠል ይዛለች።

"ጋሼ፣ እንኳን አገኘሁዎት" አለችው። "ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ አሁን ደግሞ ቃሪያው ጀመረው። ኧረ ምን ይሻለኛል?"

እጁ እሱን ሳይጠይቅ ቅጠሉን ተቀበለና ማሸት ጀመረ። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ አፍ አፉን ታየዋለች። ተክል መመርመር ከጀመረ ወዲህ የበሽታውን ትክክለኛ ምክንያት ሲያውቅ የዛሬው የመጀመሪያው ነው። የእህቱ በር ገና አልተዘጋም። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ውሃ አብዝተሽ ነው" አላት።

ከኋላው የበሩ መቀርቀሪያ ሲገባ ሰማ።