ሃያኛዋ ደቂቃ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ጆሮ ይለዋል። እናት አባቱ ያወጡለት ስም መታወቂያው ላይ ብቻ ቀርቷል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካሴት ሲሸጥ፣ ሲገለብጥ፣ የተበጠሰውን ሲቀጥል ኖሮ፣ ካሴት የሚባል ነገር ከገበያ ሲጠፋ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ገባ። ዕቃውን ግን አልጣለም። አንድ አሮጌ ማጫወቻ፣ አንድ ጠርሙስ አልኮል፣ ጥጥና ከጥፍር የማይበልጥ መቀስ ይዞ የሳሎኑን ጥግ ያዘ። ሌላው ሰው ሲያረጅ ጆሮው ይደክማል፤ የእሱ ባሰበት። ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ሲል ውሃው በግድግዳው ውስጥ በቧንቧ ሲያልፍ፣ ላይ ቤት ያለችው ሴትዮ ነጠላ ጫማዋን ስትጎትት፣ ሩቅ መንገድ ላይ ብስክሌት ሲያቃጭል፣ ሁሉንም በየተራ ይሰማና በዚያው ሸለብ ያደርገዋል።

ባለቤቱ ደግሞ የዳንቴል ሰው ናት። እጇ ያለ ኪሮሽ አይውልም። እዚያ ቤት ራቁቱን የሚታይ ዕቃ የለም፤ ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ የስልኩ ቻርጀር ሳይቀር ካልሲ የመሰለች ነገር አላት።

«እኔንም ትንሽ ዝም ብዬ ብቀመጥ ታለብሺኛለሽ» ይላታል።

«አንተ መቼ ዝም ብለህ ተቀምጠህ ታውቃለህ!» ትለዋለች።

ከሰዓት ላይ ፀሐይ በመጋረጃው ዳንቴል አልፋ ስትገባ ግድግዳው ላይ የብርሃን አበባ ትበትናለች። አበባው ከሶፋው ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ በሩ ይሄዳል። ባልና ሚስቱ ሰዓት የሚያዩት በእሱ ነው።

አንድ ቀን አበባው ሶፋው ጫፍ ላይ እንደደረሰ ባለቤቱ ኪሮሿን አስቀመጠች።

«የእናቴ ድምፅ ጠፋኝ» አለችው።

«እንዴት ጠፋሽ?»

«መልኳን አያለሁ። አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ድምፁ ግን አልመጣ አለኝ።»

ጋሽ ጆሮ ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶታል፤ ሳጥን ውስጥ አንዲት ካሴት አለች።

ካሴቷ የመጣችው እሷ ገና ሙሽራ ሳለች ነው። እናቷ ፊደል አልቆጠሩም። ስለዚህ በደብዳቤ ፈንታ መቅጃ ፊት ቁጭ ብለው ሠላሳ ደቂቃ አወሩና በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ ላኩላት። ልጅቷ ግን ካሴቷን እስከ መጨረሻው ሰምታት አታውቅም። እናቷ ስለ አንድ ጎረቤታቸው ጥርስ አውርተው የሚስቁበት ቦታ ስትደርስ ሁልጊዜ ታቆማታለች። «ከጨረስኳት ምን ይቀረኛል?» ነበር የምትለው። ቀሪዋን አሥር ደቂቃ እንደ ስንቅ ቋጥራ አስቀመጠቻት። በዓመቱ እናቷ አረፉ። ካሴቷም በጨርቅ ተጠቅልላ ሳጥን ገባች፤ ይኸው አርባ ዓመት።

«አሁን ልጨርሳት» አለች። «ጭራሽ ሳልረሳት።»

ሌላ ከተማ የምትሠራው ልጃቸው ይህን ስትሰማ አላመነታችም። ካሴቷ አርጅታለች፣ ላፕቶፕ ላይ ትቀዳ፣ ከዚያ እንደ ልባችሁ ትሰሟታላችሁ ብላ አዲስ ላፕቶፕ ላከች። አቀዳዱንም በስልክ ለአባቷ አስተማረችው።

ላፕቶፑ ከካርቶኑ እንደወጣ ባለቤቱ ሜትር አምጥታ እንደ ልብስ ሰፊ ለካችው። በአራተኛው ቀን ለበሰ። ከላይ ነጭ ዳንቴል፣ ከሥር ጠረጴዛው እንዳይፍቀው ወፍራም የሱፍ ገበር። መስተዋቱና ፊደሎቹ ብቻ ቀሩ። ስትጨርስ ጎኑ ላይ የተደረደሩ ስንጥቆችን አየች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቀዳዳ ነዋ።»

«አቧራ አይገባበትም?»

አቧራ! ሠላሳ ዓመት በጥጥና በአልኮል የተዋጋው ጠላቱ ነው። ጋሽ ጆሮ ሁለቴ አላሰበም። «ድፈኚው» አላት። ክሩን ሁለት እጥፍ አድርጋ ደፈነችው።

የማጫወቻው ድምፅ ማጉያ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ ድምፁ በገመድ ላፕቶፑ ውስጥ ገብቶ በእሱ አፍ ነው የሚወጣው። እናትየው ድንገት «ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ?» ሲሉ ባለቤቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የግድግዳው አበባ እንኳ የቆመ መሰለ። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ጣሪያው አወሩ፣ ከዚያም ጎረቤትየው ጥርሱን አስነቅሎ ሲመለስ «የታመመው የግራው፣ የተነቀለው የቀኙ!» ብለው ሳቁ። ሃያኛዋ ደቂቃ ላይ ላፕቶፑ ሰማያዊ ሆነ፣ ጠቆረ፣ ከዚያም ምንም እንዳላደረገ ሁሉ እንደገና በራ። የተቀዳው በሙሉ ጠፍቷል። ጋሽ ጆሮ በድንጋጤ ካሴቷን ሲያቆማት እዚያው ጠብ ብላ ተበጠሰች።

በትንሿ መቀስ ቀጠላት። እንዲህ ያረጀች ካሴት መሃል ላይ ከቆመች እንደምትበጠስ ያውቅ ነበር፤ ድንጋጤ ነው ያስረሳው። በሁለተኛው ሙከራ፣ የመጣው ቢመጣ አላቆማትም አለ። ሃያኛዋ ደቂቃ ላይ ላፕቶፑ ድርግም አለ። ካሴቷ ግን መዞሯን ቀጠለች። እናትየው ለአሥር ደቂቃ ለማንም ጆሮ ሳይደርሱ እዚያ ውስጥ አወሩ፤ ልጃቸው ፊት ለፊት ተቀምጣ ካሴቷ ስትዞር ብቻ አየች። ሲያልቅ የማጫወቻውን ራስ በጥጥ ቢጠርገው ጥጡ ቡናማ ዱቄት ይዞ ወጣ። ያ ዱቄት ድምፅ ነው፤ ካሴቷ እየተራገፈች ነው።

«አንዴ ትችል ይሆናል» አላት። «ከዚያ በኋላ ግን እንጃ።»

ላፕቶፑ ጤናው እስኪመለስ ካሴቷ ሳጥኗ ገባች። ጋሽ ጆሮ ለልጁ ደወለ።

«አባዬ፣ አጥፍተህ አብራው» አለችው።

«ልጄ፣ እሱ ራሱ እየጠፋ እየበራ ነው፤ ለኔ ምን ተረፈኝ?»

የምትለውን ሁሉ አደረገ። ውስጡን እንዳለ አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነው። ከጎረቤት የመብራት ማስተካከያ ተውሶ ሞከረ። ከዚያም በማይጸጽት ካሴት፣ በአንድ የማርሽ ባንድ ቅጂ፣ ፈተነው። ሰልፈኞቹ ሃያ ደቂቃ ከተጓዙ በኋላ ዝም አሉ። ባለቤቱ «ዓይን ነው» ብላ ወደ ላይ ቤት አመለከተች።

በመጨረሻ ዶክተር ጋ ወሰደው። ዶክተር የሚባለው የኮምፒውተር ጠጋኙ ነው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ መፍቻ ሲይዝ ግን እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው። ባለቤቱ ላፕቶፑ ከቤት ሲወጣ ልብሱን አወለቀችለት። «መንገድ ለመንገድ አታቆሽሽብኝ» አለች። ዶክተር ሁለት ቀን ሙሉ ሲያናግረው፣ ሲያዘፍነው ዋለ። ላፕቶፑ አንዴም አላሳለም። ቤት ገባ፣ ልብሱን ለበሰ፣ ሃያኛዋ ደቂቃ ላይ ሞተ። ተመልሶ ሄደ፤ እንደገና ጤነኛ።

«ጋሼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለ ዶክተር። «ይሄ እዚህ ሲመጣ ደህና ነኝ ይላል፣ እቤት ሲገባ ይወድቃል። የት ነው የምታስቀምጠው?»

«ጠረጴዛ ላይ።»

«አልጋ ላይ፣ ትራስ ላይ አይደለም?»

«ጠረጴዛ ላይ አልኩህ እኮ!»

እውነቱን ነው። ልብሱን ግን አልጠቀሰም። እዚያ ቤት ዕቃ መልበሱ እንደ ሰው መልበስ ነው፤ ሐኪም ቤት ሄዶ ሱሪ ታጥቄ ነው የምውለው የሚል ማን አለ?

ነገሩ የተገለጠለት በእጥበት ቀን ነው። ባለቤቱ የዕቃውን ልብስ ሁሉ ሰብስባ አጥባ ገመድ ላይ አሰጣች። ጋሽ ጆሮ ራቁቱን የቀረውን ላፕቶፕ ከማጫወቻው ጋር አገናኝቶ ማርሽ ባንዱን ለቀቀና ሶፋው ላይ ጋደም አለ። በሕልምና በእውን መካከል ሆኖ ሰልፈኞቹ በሩቅ ሲያልፉ ይሰማል። ከእነሱ ሥር ደግሞ ሰምቶት የማያውቀው አንድ ቀጭን ትንፋሽ አለ፤ የተኛ ሕፃን አጠገብ የሚሰማ ዓይነት። ዓይኑን ሲገልጥ የግድግዳው አበባ በሩ ጋ ደርሷል። ባንዱ አንዱን ገጽ ጨርሶ አብቅቷል። ላፕቶፑ በርቷል።

ተነስቶ መዳፉን ወደ ላፕቶፑ ጎን አስጠጋ። ከስንጥቆቹ ሞቅ ያለ አየር እፍ አለበት። ለካ ይተነፍስ ኖሯል! እኛ አፍና አፍንጫውን ደፍነን፣ ሱፍ አልብሰን ታመመ እንላለን። በመስኮቱ ሲያይ ነጩ ልብስ ገመዱ ላይ በነፋስ ይወዛወዛል። ሥራው ያምራል፤ የአራት ቀን ልፋት ነው። ይህን ለእሷ መንገር ሞት መሰለው። ሆድ ይፍጀው አለ።

ሦስት ቀን ፈጀው። ልብሱ ደርቆ ላፕቶፑ መልሶ ሲለብስ እንኳ «ገና እየሞከርኩት ነው» እያለ ሸነገላት። በአራተኛው ቀን ገበያ ወጣች ሲል ላፕቶፑን ቀስ አድርጎ ማስወለቅ ጀመረ። አንዱን ቁልፍ ፈትቶ ሁለተኛው ላይ ሳለ በሩ ተከፈተ። ቦርሳዋን ረስታ ነው የተመለሰችው።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ ሰው?»

ውሸት ፈለገ፤ አጣ። ላፕቶፑ እንደበራ ነው፤ ልብሱን ከጎኑ ገፎ እጇን ይዞ መዳፏን ስንጥቆቹ ላይ አደረገላት። ሞቃቱ ትንፋሽ ጣቶቿ መካከል ሲያልፍ ተሰማት። ያልነገራትን ሁሉ ተረዳች።

«ታዲያ እናቴን አፍኜ የያዝኳት እኔ ነኝ?»

«እኛ ነን» አላት። «ድፈኚው ያልኩሽ እኔ ነኝ። የካሴት ሰው ነኝ እኮ፤ አቧራ ስትይኝ ጭንቅላቴ ይጠፋል።»

ልብሱን ተቀበለችው፣ ገለበጠችው፣ ስንጥቆቹን የደፈነችበትን ቦታ በጣቷ ዳሰሰች። ገበያው ቀረ። ሶፋው ላይ ተቀመጠችና «ካሴቷን አምጣት» አለችው።

ጋሽ ጆሮ እጁን ታጥቦ የማጫወቻውን ራስ በአልኮል ጠረገ። ካሴቷን እንደ እንቁላል ይዞ አስገባት። «ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ?» አሉ እናትየው። ዝናቡ መጣ፣ ጣሪያው መጣ፣ ጥርሱ መጣ። ሳቁም መጣ። ባልና ሚስቱ አልተያዩም፤ ሁለቱም ላፕቶፑ ላይ አፍጥጠዋል። የተቀጠለችበት ቦታ ትንሽ ቋ አለና አለፈ። ሃያ አንድ ደቂቃ ሆነ።

«አባትሽን ሳሉ ለቆታል» አሉ እናትየው። ይህን ልጃቸው ሰምታው አታውቅም። «ግዢልኝ ያልሽኝን ሰማያዊ ክር አጣሁት። ነጭ ክር ልኬልሻለሁ፤ በነጭ ልመጂ፣ ነጭ ስህተት አይደብቅም። ... በይ እንግዲህ፣ ወሬዬ አለቀ። ይሄ ነገር ግን አሁንም ይዞራል። ካላለቀ ምን ብዬ እሄዳለሁ? እስኪያልቅ ዝም ብዬ አብሬሽ ልቀመጥ። አንቺም ሥራሽን ያዢ።»

ከዚያ በኋላ ቃል የለም። ወንበር ሲጢጥ ይላል። እናትየው ይተነፍሳሉ። ሩቅ ቦታ ዶሮ ይጮሃል። ልጃቸው የታዘዘችውን አደረገች፤ ልብሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ጫፉን ፈልጋ ሳበችው። ዳንቴል አንዴ ጫፉ ከተገኘ አያስቸግርም። ስፌቱ ጥልፍ በጥልፍ እየተተረተረ፣ ነጩ ክር ጣቷ ላይ እየተጠመጠመ ኳስ ሆነ። ጋሽ ጆሮ ዓይኑን ጨፈነ። ሦስት ትንፋሽ ይሰማዋል፤ የላፕቶፑ፣ የባለቤቱ፣ የአማቱ። የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ሲያቅተው በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር።

ስድስት ደቂቃ ቆየ። ካሴቷ ቀጭ ብላ ቆመች።

ጋሽ ጆሮ ዘሎ ተነሳና ቅጂውን አስቀመጠ፤ ደግሞ አስቀመጠ። ላፕቶፑ ላይ አንዲት ጽሑፍ ብቅ አለች። መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበላት።

«መጨረሻው ላይ ምንም ያልተነገረበት ስድስት ደቂቃ አለ፤ ቆርጬ ልጣለው ወይ ይለኛል።»

ባለቤቱ ከክሩ ቀና አለች። ፊቷ በእንባ ርሷል።

«ንካውና» አለችው፣ «ጣትህን ነው የምቆርጠው።»