የሲስተር ሙሉነሽ የዓርብ ጥያቄ

«ሲስተር ሙሉነሽ አረፉ» ብለው ደወሉልኝ። «የትኛዋ ሙሉነሽ?» አልኩ፤ ከአንዷ በቀር እንደማላውቅ እያወቅኩ።

ትናንት እኮ በስልክ አውርተን ነበር። ከሥራ ወጥተው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ሳለ ነው አሉ የወደቁት። አላመንኩም። ስልኬ ላይ ስማቸውን ፈልጌ ልደውል ስል ነው የነቃሁት። እሳቸው ጋ ደውዬ ስለ እሳቸው ልጠይቅ!

ለማታውቋቸው፦ ሲስተር ሙሉነሽ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበሩ። የደም ግፊት ክትትሉ በእሳቸው ትከሻ ላይ ነበር። እኔ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ የጀመርኩት እዚያው ነው፤ የጤና አገልግሎቱ ምን እንደሚጎድለው በሚያጠና ፕሮጀክት ውስጥ። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ምሩቋ» ነበር የሚሉኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ታብሌቴን ይዤ፣ ወረፋ የሚጠብቁ አንድ በዕድሜ የገፉ ሸማኔ ፊት ቆሜ ጥያቄ እደረድራለሁ። መድኃኒትዎን በየቀኑ ይወስዳሉ? አዎ። አገልግሎቱ ጥሩ ነው? አዎ። ሁሉም አዎ። ደስ ብሎኛል፣ ቶሎ ቶሎ እያለቀልኝ ነዋ።

ሲስተር ከኋላዬ መጡ። «ምሩቋ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ። ቆሞ የሚጠይቅ ፖሊስ ነው።»

አግዳሚው ላይ ከሰውየው ጎን ተቀመጡ። «ጋሼ፣ ጋቢው አለቀ?»

«የት ያልቃል ሲስተር! ለቅዳሜ ገበያ ላድርስ ብዬ ወገቤ ተቆረጠ።»

«ኪኒኑስ?»

ሰውየው ሳቁ። «እሱማ ካለቀ ሰነበተ።»

ታብሌቱ ላይ የሞላሁትን «አዎ» አጠፋሁ።

ከዚያ ወዲህ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ሁሉ እርስ በርስ «መጀመሪያ ቁጭ በይ» መባባል ጀመርን። ስለ ቃለ መጠይቅ ከተማርኩት ሁሉ እስካሁን የምጠቀምበት እሱን ብቻ ነው።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር።

አምና ፕሮጀክቱ የጤና ባለሙያዎቹ ምን ሥልጠና እንደሚያስፈልጋቸው እንድናጣራ አዘዘን። ቅጽ በተንን። ኮምፒውተር፣ ሪፖርት አጻጻፍ፣ መዝገብ አያያዝ... ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ «ሌላ» የሚል አለ። ሲስተር ሙሉነሽ «ሌላ» ላይ ምልክት አድርገው፣ አጠገቡ «ጀርባውን ይመልከቱ» ብለው ጽፈዋል።

ቅጾቹን ወደ ኮምፒውተር ያስገባሁት እኔ ነኝ። አልገለበጥኩትም። እ... ማለቴ፣ ምክንያት ልደረድር እችላለሁ፤ ሪፖርቱ ተቸኩሎበት ነበር፣ ቅጹ ብዙ ነበር። ግን በቃ፣ አልገለበጥኩትም። «ሌላ» ብዬ አለፍኩት።

ሪፖርታችን ተወደሰ። የነርሶቹ ዋና ፍላጎት መሠረታዊ ኮምፒውተር ነው ይላል። ጥናት መሥራት ልማር ያለ ነርስ አልተገኘም ይላል። ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ።

ሥልጠናው መጣ፤ ሲስተርም ተላኩ። ሲመለሱ ገና ከበር ላይ «ምሩቋ፣ ጉድ ነው! ሦስት ቀን ሙሉ ማውስ አያያዝ አስተማሩኝ። የወሩን ሪፖርት በኮምፒውተር የሚሠራው ማን መሰላቸው?» እያሉ ይስቃሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጀርባውን ግን አይተሽዋል?» አሉኝ።

«አይቻለሁ ሲስተር። ለበላዮቹ አቅርቤው ነበር፤ እነሱ ናቸው ያልተቀበሉት።»

ውሸት። አስቤው እንኳ አይደለም፣ ከአፌ ወጣ።

«ምን ያድርጉ፣ እውነታቸውን ነው። ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራትን ሴትዮ ማን ያስተምራል?» አሉና ቀጣዩን ታካሚ ጠሩ።

ያን ዕለት ወረቀቱን ከካርቶን ውስጥ ፈልጌ ገለበጥኩት። ሙሉ ገጽ፣ በእስክሪብቶ፦

«ታካሚዎቼ ቀጠሮ የሚያቋርጡት በቸልተኝነት ነው ይባላል። እኔ ግን የክትትል ቀናችን ዓርብ ስለሆነ ይመስለኛል። ሸማኔ ዓርብ ከመሸመኛ ጉድጓዱ አይወጣም፤ በማግስቱ ገበያ ነው። ቀኑን ወደ ማክሰኞ ብናዞረው ይመለሱ እንደሆነ በጥናት ማሳየት እፈልጋለሁ። እንዴት እንደሚጠና ብታስተምሩኝ።»

እኔ ተመርቄ እንዲህ ያለ ጥያቄ አውጥቼ አላውቅም።

በማግስቱ ሄጄ «ዋሽቼዎታለሁ» ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። ይልቅ በሁለተኛው ዙር ላስገባቸው ብዬ ቢሮ ለቢሮ ስሯሯጥ ከረምኩ፤ ጥናት አሠራር ከመሠረቱ የሚሰጥበት ሥልጠና ነው። የእሳቸው ስም ያለበት ደብዳቤ በዚህ ሳምንት ወጣ። ደብዳቤውን በእጄ ይዤ ብናዘዝ ይቀለኛል ብዬ ነበር። ለእኔ እንዲቀለኝ!

ትናንት የደወልኩላቸው ለዚሁ ነው። «ሰኞ እመጣለሁ ሲስተር፣ የምነግርዎት ነገር አለ» አልኳቸው።

«ምነው፣ ልታገቢ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ዛሬ ለፕሮጀክቱ ጽፌያለሁ፤ ያቺ ዓረፍተ ነገር ሐሰት ናት፣ ትስተካከል ብዬ። የዓርቡን ጥያቄ በእሳቸው ስም እናጥናው ብዬም ለምኛለሁ። መልስ አልመጣም። እስኪመጣ እጠይቃለሁ።

ሲስተር፣ ዕድሜዎን አይቶ የከለከለዎት ሰው የለም። የበላዮቹ ጥያቄዎን አላዩትም፤ እኔ ጋ ነው የቀረው። ከእርስዎ የሰማችው ልጅዎ አሁንም «እናቴን አረጀች ብለው ገፏት» እያለች እንደምታዝን አውቃለሁ። ነገ ከቀብር በኋላ እነግራታለሁ። ትቆጣኝ፣ መብቷ ነው።

ደህና ይሂዱ፣ ሲስተርዬ። «ዋሽቼዎታለሁ» የሚል አንድ ቃል ነበር የሚበቃው፤ እርስዎ ግን ውሸቴን አምነው ሄዱ።