በቆርቆሮ አጥር ላይ የተላከ ምርቃት

በደርግ ጊዜ ሲይዙኝ ኪሴ ውስጥ የተገኘው አንድ ግጥም ነበር፤ ቤት እንኳ በቅጡ የማይመታ። በእሱ የተነሣ ወልድያ፣ ሃያ ሰው ያለበት ክፍል ገባሁ። ከፀሐይ ስለመጣሁ ምንም አልታየኝም፤ የላብና የቆሎ ሽታ ብቻ።

ቦታ ያካፈሉኝ አንድ ሽማግሌ የሲሪንቃ ገበሬ ናቸው። ውስጥ እግራቸውን ተገርፈው ስለነበር ለመጸዳጃ እንኳ ተደግፈው ነው የሚወጡት። አንድ መምህርና አንድ የመርሳ ሼህ መከራ ከየት እንደሚመጣ ሁልጊዜ ይከራከራሉ። መምህሩ ከሥርዓቱ ነው ይላል፤ ሼሁ የአላህ ፈተና ነው ይላሉ። ሽማግሌውን ዳኙን ሲሏቸው፣ መጀመሪያ ልጄን ልዳር ይላሉ።

ጭንቀታቸው እሱ ነበር። ልጃቸው የአባቷን ጉልበት ሳትስም ከቤት አልወጣም ብላ ነበር፤ እኛ ደግሞ ከሰው መገናኘት ተከልክለናል። ስንቅ በር ላይ በምታደርሰው እህታቸው በኩል፣ ባዶው የስንቅ ዕቃ ውስጥ ወረቀት ደብቀው፣ ልጃቸው እሑድ ወደ ሙሽራው ቤት ስትሄድ የእስር ቤቱ አጥር ጋ እንድትቆም ላኩባት።

እሑድ ረፋድ ፀሐይ ልንሞቅ እንደወጣን እልልታ ሰማን። ዘፈኑ አጥሩ ጋ ሲደርስ ጸጥ አለ። ሽማግሌው በእኔና በሼሁ ትከሻ ተደግፈው ቆሙ።

«ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማለሁ አባባ።»

«እንደ ሳምሽኝ ቁጠሪው። ውለጂ፣ ክበጂ።»

ግቢው በሙሉ አሜን አለ።

አንድ ጠባቂ ሊያስቆመን እየሮጠ መጣ። ሲደርስ ግን ምርቃቱ አላለቀም፤ ምርቃት ደግሞ መሐል ላይ አይቋረጥም። መለዮውን አውልቆ፣ መዳፉን ዘርግቶ እስከ መጨረሻው ከእኛ ጋር አሜን ሲል ቆየ። ከዚያ መለዮውን ደፍቶ፣ ጩኸት ክልክል ነው ብሎ ወደ ክፍላችን ነዳን። ሦስት ቀን ፀሐይ ተከለከልን። እልልታው ግን ክፍላችን ስንገባም ወደ ከተማው ሲርቅ ይሰማን ነበር።

ክፍሉ ሠርግ ቤት ሆነ። ተራ በተራ እየቀረብን እንኳን ደስ አለዎ አልናቸው። እሳቸው ለመጀመሪያው ሰው ግድግዳውን ይዘው ተነሡ፤ «ኖር!» አሉ። በእግዜር፣ አይነሡ ብለን ለመንናቸው።

«እንግዳ ተቀምጬ ልቀበል እንዴ? ልጅ እኮ ድሬያለሁ!»

ለሃያ ሰው ሃያ ጊዜ ተነሡ። ሼሁ «በአላህ፣ በአላህ» እያሉ ወደ ታች ሲስቧቸው፣ እሳቸው ወደ ላይ ሲሉ፣ ተቃቅፈው ወደቁ። ከወደቁበት እየሳቁ እንደገና ተነሡ፤ የቀጣዩ እንግዳ ተራ ደርሶ ነበር። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

ስለዚያ ቀን ግጥም ልጽፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። መከራውን ስጽፍ ሳቁ ይጠፋብኛል፤ ሳቁን ስጽፍ የዋሸሁ ይመስለኛል። ስለዚህ ግጥሙን ትቼ እንዳየሁት ጻፍሁት፤ ሁለቱም እዚያ ክፍል ውስጥ ነበሩ።